ለእንቁላል የሚሆን አሞርዛተር

ሰኞ

ዛሬም ባለ ሱቁ ያናገረው ወንድሜን ደሴን ነው። ጠያቂዋ እኔ፣ የሞተሯ ባለቤት እኔ፣ ዘይት ያንጠባጠበውን አሮጌ አሞርዛተር በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከአራዳ ጫፍ እስከ ጫፍ የተሸከምኩት እኔ። እሱ ግን ዓይኑን ከደሴ ላይ አልነቅል አለ። «ሞተርህ ስንት ሲሲ ናት?» ይለዋል። ደሴ ማራኪ ግቢ ታሪክ ያስተምራል። ሲሲ ብትለው የአንድ ንጉሥ ስም ይመስለዋል። ትንሽ አሰበና «ትልቅ ናት» አለው።

«ሁለት መቶ ሃምሳ» አልኩ እኔ።

ባለ ሱቁ ራሱን የነቀነቀው ለደሴ ነው።

ሦስት ሱቅ ዞርን፣ ሦስቱም ጋ እንዲሁ። ደሴን ቤት እንዳልተወው ደግሞ አሮጌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሱ ይዘን ነው የምንዞረው። ሞተሯ አያ መልኬ ጋራዥ ውስጥ ቂጧን ብሎኬት ላይ አስደግፋ ቆማለች።

ነገሩን ከስሩ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከትክል ድንጋይ ስመለስ የኋላ ጎማዋን ንዝረት የሚያበርደው የግራው አሞርዛተር ዘይቱን ተፋ። ሞላው ብቻውን ቀረ። ዘይት የሌለው ሞላ ልጓም እንደሌለው በቅሎ ነው፤ አንዴ መዝለል ከጀመረ ማን ያቆመዋል። አራት ትሪ እንቁላል ጭኜ ነበር፣ መቶ ሃያ። አርባ አንዱ ተሰበረ። አስኳሉ በጎማው ክዳን በፓራፋንጎው ወርዶ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ተጠበሰ። ከተማው በሙሉ ሁዳዴ ላይ ነው፣ እኔ የእንቁላል ጥብስ እየሸተትኩ ገባሁ። አንድ ቄስ መንገድ ዳር ቆመው በመስቀላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው አሳለፉኝ።

እሱም ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከትክል ድንጋይ አለፍ ብሎ ባለው መንደር ስምንት ሴቶች ከደብረ ዘይት ጀምሮ የሐበሻ እንቁላል እያጠራቀሙልኝ ነው፣ ለፋሲካ። ድሮ የሚወስድባቸው አንድ ባለ ፒካፕ ነበር። ይሄ ትንሽ ነው፣ ይሄ ቆሽሿል፣ ይሄ ሳይሸት አይቀርም እያለ ግማሹን በነጻ የሚጭን ሰው። ዘንድሮ እኔ ሄጄ አፌን ከፈትኩ። ለኔ ስጡኝ፣ መርጬ አልጥልም፣ አልሰብርም፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ አልኳቸው። እትዬ ዘውዲቱ የሚባሉ የሁሉም ታላቅ አሉ። እሳቸው አመኑኝና ባለ ፒካፑን ከደጃቸው መለሱት።

እንግዲህ ቅዳሜ ካልደረስኩ፣ ወይ ደርሼ መንገድ ላይ አስኳል ካደረግሁት፣ እሳቸው በስምንት ቤት ፊት ምን ይላሉ? ከፋሲካ በኋላ የወር እንቁላል የሚገዛ የለም። ባለ ፒካፑ ነው የሚያገኘው፣ እየሳቀ።

አራዳ ያለው ዕቃ ሦስቱም ሱቅ አንድ ነው፣ ከአንድ ጆንያ የወጣ ይመስላል፦

ረጅም፣ ከሌላ ዓይነት ሞተር የሚሆን። «ለኛ አገር መንገድ ከፍ ያለ ይሻላል።»

አጭር፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። «ለውበት።» እንቁላል ለውበት ግድ ያለው ይመስል።

ቀይ ሞላ ያለው፣ ሁለት ኩንታል የሚችል።

የመጀመሪያው ሱቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ ቀጫጭኖችም አየሁ። «እነሱን ተዋቸው» አለው ባለ ሱቁ ደሴን።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። ሕማማት ስለሆነ መጨባበጥ የለም፤ ተስማምተን ይሁን ተጣልተን የተለያየነው እንኳ አይታወቅም።

ማክሰኞ

ረጅሙን ገዛሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ።

የመጀመሪያው ባለ ሱቅ አፉ ቅቤ ነው። ክሩዘር የሚሏት ሞተር ዝቅ ያለች ናት፣ ሆዷ ድንጋይ ይነካል፣ ከኋላ አራት ሳንቲም ከፍ ብትል መንገዱን ትንቀዋለች አለ። ለደሴ ነው ያለው፣ ግን የሰማሁት እኔ ነኝ። እውነትም ሆዷ ስንት ጊዜ ድንጋይ ነክቷል። ደስ አለኝ። ለምን ትናንት አልገዛሁም ብዬ ራሴን ሁሉ ሰደብኩ።

አያ መልኬ ገጠሙት። አያ መልኬ ስልሳ ያለፉ መካኒክ ናቸው፣ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው እንደ ዛገ ቡሎን ነው፣ በስንት መከራ። ገጥመው ሲጨርሱ ብሎኬቱን አወጡና ወደ ኋላ ቆመው አዩዋት። እኔም አየኋት።

ሞተሯን ቦራ ነው የምላት፣ ጥቁር ሆና የቤንዚን ታንከሯ ላይ ነጭ ስላለባት፣ እንደ በሬ። ዛሬ እውነትም በሬ ሆነች። አንገቷን ደፍታ፣ ቂጧን ሰቅላ፣ ማን ጋ ሄጄ ልዋጋ ብላ ቆማለች። ተቀመጥኩባት፣ ወደ ታንከሩ ተንሸራተትኩ። ይሁን፣ ይለመዳል ብዬ የጎን መቆሚያዋን አውርጄ ወረድኩ። መቆሚያው የተሠራው ለዝቅተኛ ሞተር ነው። ከኋላ ከፍ ስትል እሱ አጠረ። ቦራ ቀስ ብላ በግራ ጎኗ ተኛች፣ መሪዋ አፈር ነካ።

ይሄ የሆነው መቼ ነው? ሰው ከስግደት ሲመለስ። መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። አንዱ ዲያቆን ቆም ብሎ «ሞተሯም ትሰግዳለች እንዴ?» አለ። አሳቀባቸው። እኔ በሕማማት ሰው አልሳደብም ብዬ ነበር፤ እሱን አልሰደብኩም፣ ባለ ሱቁን ግን ጋራዡ እስኪንቀጠቀጥ ሰደብኩት።

አያ መልኬ እየለቀሱ ያሉ የሚመስል ዓይን አላቸው፣ ከጭስ ነው። በዚያ ዓይናቸው አይተውኝ «ጭነትሽ ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። ስለ ከፍታና ስለ ማዕዘን እያስረዳኋቸው ነበር። ስልክ ላይ ከአንድ ሺህ ቪዲዮ በላይ አይቻለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ካርቡራተር እፈታለሁ፣ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ባለ ሱቁ ጋ ተመለስን። መመለስ የለም፣ መለወጥ ግን ይቻላል አለ። ቀዩን ስጠኝ አልኩት። ሜትር አውጥቼ ራሴ ለካሁት፣ ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ሠላሳ ሁለት ሳንቲም፣ ልክ እንደ አሮጌው። «እዚህ ሱቅ ዕቃ ለክቶ የሚገዛ ሴት አይቼ አላውቅም» አለው ደሴን። ደሴ አመሰገነው። ለምን እንዳመሰገነው እስካሁን አልገባኝም።

ረቡዕ

ርዝመቱ ልክ ሆነ፣ ቀዳዳው ግን ሰፋ። የታችኛው ቡሎን ውስጡ ይጫወታል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት። ትንሽ የብረት ቀለበት ማስወጣት የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ወረፋው ግን ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት። ከፊቴ የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ ጎማ፣ አንድ የአልጋ እግር። የአልጋ እግር ይዞ ሕማማት ላይ ቶርኖ ቤት የሚመጣ ሰው እንቅልፉ እንዴት ቢሆን ነው?

ቢሆንም ገጠምን። ሸጋ ሆና ቆመች። ቂጧ አልተሰቀለ፣ አንገቷ አልተደፋ።

ጎንደር ውስጥ የቆመ ሞተር አይቶ መዳፉን ወንበሩ ላይ ሳይጭን የሚያልፍ ወንድ የለም። አራት ሰው መጥቶ ጫነ። አልነቃነቅ አለች። አራቱም «ይሄ ነው» አሉ። አንዱ ተቀመጠባትና ዘለለባት፣ እንደ ግንብ ቆመች። እኔም ጫንኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ኮራሁ። ይሄ ነው አልኩ እኔም። ጭነት ነው የምጭነው፣ ለጭነት ጠንካራ ነው የሚያስፈልገው፣ ይሄ የሚያከራክር ነገር አይደለም።

አያ መልኬ አልጫኑም። «ጭነትሽ…» ብለው ጀምረው ነበር፤ «ይችላል፣ አያ፣ ሁለት ኩንታል ይችላል» ብዬ አሳረፍኳቸው።

ከቅዳሜ የተረፉ እንቁላሎች ቤት አሉ፣ በጾም ማን ይገዛኛል። አንዱን ትሪ አሰርኩና ወደ ማራኪ በሚወስደው ኮብልስቶን ላይ ወጣሁ። ደሴ በር ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሄጄ ተመለስኩ። ከሠላሳው ዘጠኝ ተሰብሯል።

አስተሳሰሩ ነው አልኩ። ያሰረው ደሴ ነው። ራሴ አጥብቄ፣ ሌላ ትሪ፣ እንደገና ወጣሁ። አስራ ሦስት።

ትሪው ነው አልኩ። እውነት አለው፣ ትሪው የተሠራው ለፈረንጅ እንቁላል ነው፣ የሐበሻው ትንሽ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ይንከባለላል። የጤፍ ገለባ ጎሰጎስኩበት። የቀሩትን አሰባስቤ ሦስተኛ ወጣሁ። ስምንት።

ኮብልስቶኑ ነው አልኩ። ቀጥሎ ማንን ልከስ እንደነበር እንጃ።

ደሴ የተሰበረውን በሳህን ይዞ ቆሞ፣ መብላት አይቻል ጾም ነው፣ መጣል ያሳዝናል፣ ለጎረቤት ውሻ ሰጠው። ውሻው ብቻ ነው በዚህ ሳምንት የተደሰተው። ከዚያ ደሴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ምናልባት በጣም ጠንካራ ሆኖ ይሆን?» አለኝ።

ሂድ ታሪክህን አስተምር አልኩት። በሩን ዘጋሁ። ወገቤ ግን እሱን ይደግፋል። ከማራኪ እስከ ቤት እያንዳንዷን ድንጋይ በአከርካሪዬ ቆጥሬያታለሁ።

ሐሙስ

በጠዋት አያ መልኬ ጋ ሄድኩ። ስንት ኪሎ እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። ይሄን ማለት እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ቀን ሙሉ ስንት ሲሉኝ ስንት ሳልል ነው የለፈለፍኩት።

አልገረማቸውም፣ አልሳቁም። ከጋራዡ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ፣ አንዱን ትሪ በሚዛኑ አስቀመጥን። አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አልሞላም። ቅዳሜ የምጭነው አስር ትሪ ከነሳጥኑ ከነገለባው ቢደመር አስራ ስምንት ኪሎ። አስራ ስምንት። እኔ ሁለት ኩንታል የሚችል ብረት ገዝቼ አስራ ስምንት ኪሎ ልጭንበት። ሞላው ጭነት መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱ ስለማይታጠፍ ድንጋዩ ሁሉ ቀጥታ ወደ እንቁላሉ ነው የሚወጣው።

«እንቁላል ጭነት አይደለም፣ ትርንጎ» አሉኝ አያ መልኬ። «እንቁላል ተሳፋሪ ነው።»

በአራት ቀን ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። ማክሰኞ አፌን ብዘጋ ኖሮ ማክሰኞ እሰማው ነበር።

ደሴን ይዤ ወደ አራዳ። እነዚያን ከታች ያሉትን ቀጫጭኖች አውርድልኝ አልኩት ባለ ሱቁን። ወደ ደሴ ዞሮ፣ እነዚህ የቀላል ሞተር ናቸው፣ ማንም አይገዛቸውም፣ ነገ ተሰበረ ብላችሁ እንዳትመጡ አለ።

ደሴ ያን ጊዜ፣ አምላክ ይስጠው፣ «እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው፤ እሷን ጠይቃት» አለው።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ፊት ለፊት ሲያይ ለካ ቀለል ያለ ልጅ ነው። «ለምን ሥራ ነው?» አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ይሄን የጠየቀኝ እሱም ሆነ ሌላ ማንም የለም፣ ከአያ መልኬ በቀር።

«ለእንቁላል።»

ሳቀ። ከዚያ እኔ እንደማልስቅ አየና ሁሉንም አወረደ።

መሬት ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ በጉልበቴ ጫንኳቸው። ጤነኛው ሲለቁት ሽማግሌ ከወንበር እንደሚነሳ ነው የሚነሳው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ዘይቱ የሞተ ደግሞ እንደ ፌንጣ ጣ ይላል። አስራ ሁለት ነበሩ። አምስቱ ፌንጣ። ከሰባቱ ደግሞ እኩል የሚነሱ ሁለት መፈለግ አለ፤ ግራና ቀኙ ካልተስማሙ ሞተሯ እንደ አንካሳ ነው የምትሄደው። ባለ ሱቁም ወርዶ በጉልበቱ መጫን ጀመረ። ከሁለት የተለያየ ካርቶን ሁለት ወንድማማች አገኘን፣ ርዝመታቸውም ቀዳዳቸውም እንደ አሮጌው። «እኔ እስከ ዛሬ የምሸጠው የጠነከረውን ነው» አለኝ፣ ለኔ ነው ያለው፣ ሱሪውን እያራገፈ። ቀዩን ፈትቼ እንደምመልስለት አምኖ ለወጠልኝ። አመሰገንኩት። በራሴ ገረመኝ።

ጋራዥ ስመለስ አያ መልኬ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ እግር ሊታጠቡ፣ ሊቆርቡ። ነገ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ነገ ስቅለት ነው፣ ብረት አልነካም አሉ። ቅዳሜስ ስል፣ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ መሆን ያለብሽ አንቺ ነሽ አሉ።

ልጮህ አፌን ስከፍት የመፍቻውን ጥቅል እጄ ላይ አስቀመጡት። ያንን ጥቅል ለሰው ሲሰጡ ያየሁበት ቀን የለም። ሄዱ።

ራሴ ፈታሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። የአንዱ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ደሴ ከጎረቤት ጉልባን አምጥቶ ባቄላ በባቄላ አጎረሰኝ፣ እጄ ቅባት ስለሆነ። ከዚያ ወደ መንደሩ ስልክ ደወልኩ፣ መንገዱ ሰላም ነው ተባልኩ። እትዬ ዘውዲቱ ድምፃቸው ይቆራረጣል። ባለ ፒካፑ ዛሬም መጥቶ ነበር አሉኝ። «አንቺን ይዣለሁ» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።

ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ የለም።

ሰግጄ ስነሳ የቀኙን የታችኛውን ቡሎን አጥብቄዋለሁ ወይስ አላጠበቅሁትም። ሰግጄ ስነሳ ቡሎኑ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በስቅለት ቀን የማስበው ቡሎን ነው።

ማታ ከመሆኑ በፊት በወይራ ሲጠበጥቡን አባ ምን በደልሽ አሉኝ። በሕማማት ሰው ሰደብኩ አልኳቸው። ስንት ሰው አሉኝ። መቁጠር ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ መቶ ስገጂ ብለው አሳለፉኝ።

ስመለስ ቡሎኑን ነካሁት። ጠብቋል። ብረት አልነካሁም፣ በጣቴ ብቻ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው እንቁላሉን የሚገዛኝ የጎንደር ሆቴል ጓሮ በር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ጠዋት አራት ሰዓት።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ባዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ። ቦራ ሌላ ሆናለች። ድንጋዩን ትረግጠዋለች እንጂ አትነግረኝም። ኬላ ላይ ሳጥኑን ክፈቺ አሉኝ፣ ገለባ ብቻ ሲያዩ ተያዩ፣ አለፍኩ። ትክል ድንጋይ ስደርስ ቀሳውስቱ ቄጠማ ያድላሉ። ግንባሬ ላይ አስሬ አለፍኩ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ፒካፑ ቆሟል። ሰውየው ቦኔቱ ላይ ተቀምጦ «ስትወድቂ እንዳነሳልሽ ነው የቆምኩት» አለኝ። የምመልስለት አስር ነገር ነበረኝ። መቶው ስግደት ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

አስር ትሪ ያልኩት አስራ አራት ሆኖ ጠበቀኝ። ስምንቱም ሴቶች ቆመዋል። ሞቅ ያለ ነገር የለም፣ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ወሬ ከኔ ቀድሞ ደርሷል፣ ማርሚታ ላይ መጠበሱ ሳይቀር። በሁለት ዙር እወስደዋለሁ አልኩ። ስድስቱን ትሪ እንዳሰርኩ እትዬ ዘውዲቱ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

«እኔም እሄዳለሁ።»

የት ብዬ ጠየቅሁ። ጎንደር ነዋ አሉ። አክፋይ ናቸው፣ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ከአፋቸው አልገባም። ሞተር ላይ በዕድሜያቸው ወጥተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ለአስራ ስምንት ኪሎ የሚሆን ቀጭን ሞላ ፈልጌ፣ አምስት ፌንጣ ጥዬ፣ ጥፍሬን አጥቁሬ ነው የመጣሁት። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እትዬ፣ ሞላው ለእንቁላል ነው አልኳቸው። እርስዎ ከወጡ ይተኛል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይመታል።

አዳመጡኝ። ከዚያ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ጠጋ ብለው፣ «አላምንሽም ማለቴ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «አምኜሽ ነው ያን ሰው የመለስኩት። አሁን እነዚህ ደግሞ አይተሽ ነይ ብለውኛል። ሳላይ ምን እላቸዋለሁ?»

የመፍቻውን ጥቅል ፈታሁ።

የሞላው ግርጌ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ፣ አምስት ጥርስ ያለው። ጠበቅ ሲያደርጉት ሞላው ክብደት ይችላል። በአያ መልኬ መፍቻ ሁለት ጥርስ ወደ ላይ አዞርኩት፣ ግራም ቀኝም። ሦስት ላድርገው ብዬ አሰብኩና የረቡዕ ወገቤ ከለከለኝ። እትዬ ዘውዲቱ በጎን ነው የምቀመጥ አሉ፤ እግርዎን ከፍተው ካልተቀመጡ አልሄድም አልኩ። ሁለት ሴቶች ይዘው አወጧቸው። እንደ አንዲት ጠቦት የቀለሉ ናቸው፣ ሞላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን አልነካም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ሁለት ትሪ እዚህ አምጡ፣ ባዶ እጄን አልሄድም።» ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጋቢውን አለበሱት።

በፒካፑ አጠገብ ስናልፍ ሰውየው ከቦኔቱ አልወረደም። እትዬ ዘውዲቱ ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ይሄ ከስድብ ሁሉ ይብሳል፤ መማር አለብኝ።

መንገዱን ሁሉ ደከሙ ወይ፣ ራሳቸውን ሳቱ ወይ እያልኩ እየደጋገምኩ ጠራኋቸው። በየጊዜው ከጀርባዬ «ንጂ» ብቻ ይላሉ። አንድ ቁልቁለት ላይ ጉድጓድ ሳላይ ገባሁበት። ሞላው እስከ ታች ወርዶ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እንደዚያ ሽማግሌ። አልጮኹም። እኔ ነኝ የጮህኩት።

ሆቴሉ ጓሮ ደረስን። ወጥ ሠሪዋ ሳጥኑን ከፈተችው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ቁጥሪ አልኳት፣ እኔ አልቆጥርም።

ከኋላ ከነበሩት ስድስት ትሪዎች፣ ከመቶ ሰማንያው፣ ሰባት ተሰብሯል። ሰባት ብቻ። ወጥ ሠሪዋ ግድ አልሰጣትም፣ በፒካፕ ሲመጣ ከዚህ ይብስ ነበር አለች። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እትዬ ዘውዲቱ ጋቢያቸውን ገለጡ። ስድሳ። አንድም አልተሰነጠቀ። አንድም።

ከሰኞ ጀምሮ አራዳን ስዞር፣ በሜትር ስለካ፣ ቶርኖ ቤት ከአልጋ እግር ጋር ስሰለፍ፣ አስራ ሁለት አሞርዛተር በጉልበቴ ስጫን ከርሜ፣ የሁለት ቀን ጾመኛ አሮጊት ጭን በለጠኝ። ልስቅ ነው ልናደድ እስካሁን አልወሰንኩም።

ስልኬን ተቀብለው ወደ መንደሩ ደወሉ። አንደኛዋ ሴት ዘንድ ነው፣ ሁሉም ተሰብስበው ይሰማሉ። ገባ አሉ። ሰባት ነው አሉ፣ አልደበቁም። አዳመጡና «አዎ፣ አፏ ይቅርና እጇ ሸጋ ነው» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ስድስት ትሪ ቀርቷል። እሳቸው አጥሩ ሥር ጥቂት አረፉ፤ ውሃ ልስጥዎ አልኩ፣ ነገ አሉ። መመለሻቸው በሚኒባስ ይሁን ብል፣ የሁለተኛውን ዙር ማን ይይዝልሻል አሉኝ። ስድስቱንም ጭኔ ላይ ብለው እንዳይከራከሩኝ ነው የምፈራው። ሦስት፣ ቢበዛ ሦስት።

አሁን ልነሳ ስል የቀኙን አሞርዛተር ዘንግ በጣቴ ዳሰስኩት። ቅባት ነክቶኛል፣ ቀጭን፣ ትንሽ። የፋብሪካ ቅባት ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ዕቃ ሲወጣ እንዲሁ ነው። ያ ጉድጓድም ሊሆን ይችላል። ጠርጌዋለሁ። ትክል ድንጋይ ስደርስ ደግሜ እነካዋለሁ።

እትዬ ዘውዲቱ ተነስተዋል። ማንም ሳይደግፋቸው ወጥተው ተቀምጠዋል፣ እግራቸውን ከፍተው፣ ዱላቸውን አግድም ይዘው። «ምነው፣ ትጽፊያለሽ ወይስ ትነጃለሽ?» ይሉኛል።